ሁለት ባትሪ፣ አንድ ዲናሞ፦ ለአሮጌ ካምፐር የትኛው የቻርጅ ዘዴ ይሻላል?

አዲስ አበባ መሀል አሮጌ ካምፐር ያለው ሰው መኪናውን ከሚነዳበት የሚያቆምበት ጊዜ ይበልጣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግቢ ውስጥ ወይም ፎቅ ሥር ትቆማለች። ቅዳሜ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ትወርዳለች፤ ከዚያም ውስጥ ግማሹን ሰዓት ቆማ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ደግሞ አልጋዋ ተነጥፎ፣ ፍሪጇ ተሞልቶ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ወንጪ ትወጣለች። ስለ ካምፐር ባትሪ የሚሰጠው ምክር ግን አብዛኛው በየቀኑ መቶና ሁለት መቶ ኪሎሜትር ለሚነዳ አውሮፓዊ ጡረተኛ በልኩ የተሰፋ ነው። እኛ ስንለብሰው ይሰፋናል።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸውን ዘዴዎች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝናቸው። ብዙ ቆማ ለምትውል፣ ስትነዳም ትራፊክ ውስጥ ለምትንፏቀቅ አሮጌ መኪና የትኛው ይሠራል? ኮምቢ ትሁን፣ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ መርሴዲስ ትሁን፣ ኋላዋ ተከፍቶ አልጋ የገባላት ላንድሮቨር ትሁን ጥያቄው ያው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ ቀልድ መሆኑ ቀርቷል።

ሁለቱ ባትሪዎች የሚፈልጉት አይመሳሰልም

የሞተር ባትሪ ሥራው ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ሞተሪኖው 200 አምፔር ይስባል እንበል። ግን ለ3 ሰከንድ ብቻ ነው። ሲሰላ 0.17 አምፔር-ሰዓት (አምፔር በሰዓት ተባዝቶ) ገደማ ይወጣል፤ ምንም አይደለም ማለት ይቻላል። ሞተሩ በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ይተካል። የሞተር ባትሪን የሚገድለው ማስነሳቱ ሳይሆን መቆሙ ነው። አላርም፣ ሰዓት፣ ጂፒኤስና ሬዲዮ ተደምረው 50 ሚሊአምፔር ቢስቡ በሳምንት 8.4 አምፔር-ሰዓት ይሄዳል። መኪናዋ ወር ሙሉ ከቆመች ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በላይ ይጎድላል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የህዳርና የታህሳስ ጠዋት አለ። ቅዝቃዜው ባትሪውን ያደክማል፣ ዘይቱን ያወፍራል፣ አሮጌው ካርቡሬተርም ቶሎ አይታዘዝም።

የቤት ባትሪ፣ ማለትም ፍሪጁንና መብራቱን የሚያንቀሳቅሰው፣ በተቃራኒው ቀስ እያለ ብዙ ይሰጣል። ባለ 12 ቮልት የኮምፕሬሰር ፍሪጅ ሲሠራ 45 ዋት ገደማ ይስባል። ከቀኑ አንድ ሦስተኛውን ቢሠራ በቀን 30 አምፔር-ሰዓት ነው። መብራት፣ የውሃ ፓምፕና የስልክ ቻርጅ ሲጨመር 40 ይጠጋል። ተራውን የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ 100 አምፔር-ሰዓት ተብሎ የተገዛ ባትሪ በተግባር 50 ነው፤ የሚበቃውም ለአንድ ቀን ከምናምን ነው። ቡናውን በኢንቨርተር አፈላለሁ የሚል ካለ 1,000 ዋት ከባትሪው 90 አምፔር በላይ እንደሚጠባ ይወቅ። ቡታጋዝ ወይም ከሰል ይሻላል፤ ቡናውም የሚጣፍጠው በከሰል ነው።

ከዚያ መልሶ መሙላቱ አለ። የሊድ አሲድ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ድረስ በደንብ ይጠጣል። የቀረውን 20 በመቶ ግን እየቀማመሰ ነው የሚወስደው፤ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዲናሞው የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን ይህን አያፋጥነውም። ሁልጊዜ ሳይሞላ የሚቀር ባትሪ ደግሞ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት እየጠነከረበት ይሞታል። ከአዲስ አበባ ላንጋኖ ሦስት አራት ሰዓት ተነድቶ ግማሽ የነበረው ባትሪ ጥሩ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሙሉ ግን አይሆንም። ከፒያሳ ሜክሲኮ ደርሶ መመለስማ ለቤት ባትሪ ምንም ነው።

ስለዚህ «የትኛው ሪሌ (በኤሌክትሪክ ራሱ የሚገናኝና የሚለያይ ማብሪያ) ይሻላል?» ከማለታችን በፊት የሚመጣው ነገር ይኸው ነው። ከሞተር የሚመጣ ቻርጅ ብቻውን የቤት ባትሪን አይሞላም፤ ሌላ ምንጭ መኖር አለበት። እኛ ጋ ያ ምንጭ ወይ ጣሪያው ላይ ያለ ሶላር ነው፣ ወይ ግድግዳው ላይ ያለ ሶኬት።

ዲናሞው ምን ይተርፈዋል?

ጋራዥ ውስጥ የድሮውን ዲናሞም አልተርኔተሩንም ዲናሞ ነው የምንላቸው። ለዚህ ጉዳይ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩ ኮምቢዎች ላይ ያለው የድሮው ዲናሞ በደንብ ሲዞር እንኳ 30 አምፔር ገደማ ነው የሚሰጠው። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲንደቀደቅ ደግሞ ምንም አይሰጥም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ መብራት ፍም መስላ የምትታየው ለዚህ ነው። በ1970ዎቹ የመጣው አልተርኔተር 50 አምፔርና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ሲንደቀደቅም ቢሆን የአቅሙን የተወሰነ ያመነጫል።

አሁን ሐምሌ ነው እንበል። ማታ 1 ሰዓት፣ ዝናብ፣ ሜክሲኮ አደባባይ። የፊት መብራቶቹ ባለ 55 ዋት ከሆኑ ሁለቱ 9 አምፔር ይወስዳሉ። የኋላ መብራትና ዳሽቦርድ 2 ወይም 3። ዋይፐሩ 4። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ኮይል 4። ድምሩ 20 አካባቢ ነው። የድሮ ዲናሞ ያላት መኪና መንገዱ ቢከፈትላት እንኳ የሚተርፋት 10 አምፔር ነው። ቆማ ከሆነ ግን ሃያውም ከባትሪ ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ የቤት ባትሪው ተጣብቆ ልጠጣ ቢል ምን እንደሚፈጠር መገመት ቀላል ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መልቲሜትር ያዙ። ሞተሩን ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ የሞተር ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ ዲናሞውና ቮልቴጁን የሚመጥነው ሬጉሌተር ደህና ናቸው። ከ13.5 በታች ከሆነ ቺንጋው ላልቶ ወይም ሬጉሌተሩ ደክሞ ይሆናል። ከ14.8 በላይ ከወጣ ደግሞ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። የተበላሸ ሬጉሌተር ላይ ውድ ዕቃ መጨመር ብር መጣል ነው።

በእጅ የሚዞር ማብሪያ

ርካሹና ቀላሉ ይህ ነው። አንድ ትልቅ ዙር ማብሪያ ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኛል፣ ይለያል። ኤሌክትሮኒክስ የለው፣ የሚቃጠል ነገር የለው። የድሮ ዲናሞ ላለው ሰው አሁንም ክብር ይገባዋል፤ መቼ መገናኘት እንዳለባቸው የሚወስነው ሰው ነውና። ቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያውን አልፋችሁ ሞተሩ ዘና ብሎ መዞር ሲጀምር ታገናኛላችሁ። ከተማ ስትገቡ ትለያላችሁ።

ጠላቱ መርሳት ነው። ላንጋኖ ተደርሶ፣ ዓሣው ተጠብሶ፣ ጨዋታው ደምቆ ማብሪያውን ማን ያስታውሳል? ጠዋት ሁለቱም ባትሪዎች አብረው ባዶ ይሆናሉ። ካምፐር አሸዋ ላይ ገፍቶ ማስነሳት ደግሞ እንደ ታክሲ አይደለም። ሌላም አለ፦ አልተርኔተር ያላት መኪና ሞተሯ እየሠራ ማብሪያውን ሁለቱንም ባትሪዎች ከዲናሞው በሚነቅለው የዜሮ ቦታ በኩል ማሳለፍ ክልክል ነው። ጭነቱ ድንገት ሲቋረጥ ቮልቴጁ ይዘልና የአልተርኔተሩን ዳዮዶች ሊበላቸው ይችላል።

በዲናሞው የሚታዘዝ ሪሌ

70 አምፔር የሚችል ሪሌ፣ ሁለት ፊውዝ፣ ወፍራም ሽቦ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የሚሰበሰብ ነገር ነው፤ ቢበላሽም በየትኛውም ከተማ ይተካል። የዚህ ዘዴ ደህንነት የሚወሰነው ሪሌውን «ተገናኝ» የሚለው ምልክት ከየት ይመጣል በሚለው ነው።

ብዙ ባለሙያ ምልክቱን ከቁልፉ ይወስዳል። ለምን ስትሉት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ወንድሜ፣ ቁልፉን ስታዞረው ያገናኛል፣ ስታጠፋው ይለያል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ነገሩ እውነት ይመስላል። ግን ቁልፉ ሲዞር ሁለቱ ባትሪዎች ሞተሩ ሳይነሳ ይገናኛሉ። ሞተሪኖው 200 አምፔሩን ሲጎትት የሚችለውን ያህል ከቤት ባትሪውም በዚያ ሽቦ በኩል ይስባል። ፊውዙ ይቃጠላል። ፊውዝ ከሌለ ደግሞ ሽቦው ይግላል። እናንተ እንዲህ በሉት፦ «ምልክቱን ከዲናሞው ዲ ፕላስ ውሰድልኝ።» ይህ ቀይዋን የቻርጅ መብራት የሚያጠፋው መስመር ነው፤ አንዳንድ ሬጉሌተር ላይ 61 ተብሎ ይጻፍበታል። ኃይል የሚኖረው ዲናሞው እያመነጨ ከሆነ ብቻ ነው። ሞተር ከሌለ መገናኘት የለም።

ለድሮ ዲናሞም ይሆናል፤ ሞተሩ ሲንደቀደቅ ምልክቱ ይደክምና ሪሌው ራሱ ይለያል። ጉድለቱ አንድ ነው። መኪናዋ ቆማ ሶላሩ የቤት ባትሪውን ሞልቶ ሲተርፍ፣ ትርፉ ወደ ሞተር ባትሪ አይሻገርም። ሳምንቱን ሙሉ ለምትቆም መኪና ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ቮልቴጅ እያየ የሚገናኝ ሪሌ

ይህ ምልክት አይጠብቅም። የባትሪውን ቮልቴጅ ራሱ ያያል። 13.3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ «እዚህ የሚሞላ ምንጭ አለ» ብሎ ያገናኛል። 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይለያል። ቁጥሮቹ እንደ ሥሪቱ ትንሽ ይለያያሉ። ዲናሞው ላይ የሚነካ ነገር ስለሌለ ገጠማው ከቀዳሚው እንኳ ይቀላል።

ስትገዙ መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፦ የሚያየው አንዱን ባትሪ ነው ወይስ ሁለቱንም? አንዱን ብቻ የሚያየው የሞተር ባትሪው ቮልቴጅ ሲወጣ ብቻ ያገናኛል። ሁለቱንም የሚያየው ግን በየትኛውም በኩል ቮልቴጅ ሲወጣ ያገናኛል። ረቡዕ ከሰዓት መኪናዋ ግቢ ቆማ፣ ሶላሩ የቤት ባትሪውን ከ13.3 በላይ ሲያወጣው ሪሌው ጠቅ ይልና የሞተር ባትሪውም ድርሻውን ያገኛል። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ይለያያሉ። ሌሊቱን ፍሪጁ ቢሠራም የሞተር ባትሪውን አይነካውም። አብዛኞቻችን ጭንቀታችን «ቅዳሜ ጠዋት ትነሳልኝ ይሆን?» ስለሆነ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

የማይመችባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የድሮ ዲናሞ ነው። ትራፊክ ላይ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ ሪሌው ጠቅ ጠቅ ሲል ይውላል፤ ነጥቦቹም ቶሎ ይበላሉ። ሁለተኛው ሊቲየም ነው። የሊቲየም ባትሪ ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ 13.3 ቮልት አካባቢ ስለሚቆም ሪሌው ሞተሩ እየሠራ ይመስለዋል፤ አይለያይም።

ዳዮድ ያለው ማከፋፈያ

አሮጌ መኪና ስትገዙ ከፊተኛው ባለቤት ተርፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ክንፍ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ዳዮዱ በመንገድ ላይ 0.7 ቮልት ያህል ይበላል፤ ባትሪዎቹ ከ14.2 ይልቅ 13.5 ነው የሚደርሳቸው። በዚህ ቮልቴጅ የቤት ባትሪ በቅጡ አይሞላም። አውጥታችሁ ሽጡት።

ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር

አሁን ፋሽኑ ይህ ነው። ከዲናሞው የመጣውን ቮልቴጅ ተቀብሎ፣ ከፍ አድርጎና መጥኖ፣ የቤት ባትሪው በሚፈልገው ደረጃ ይሞላል። ሽቦው ላይ የጠፋውን ቮልቴጅ ይተካል። የሚስበው አምፔር ገደብ አለው። የቤት ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ያለዚህ አይሆንም። ሊቲየም በቀጥታ ከተያያዘ የተሰጠውን ሁሉ ስለሚጠጣ አሮጌ አልተርኔተር ሙሉ አቅሙን ለረጅም ሰዓት ሲያወጣ ይግላል፤ ሲብስም ይቃጠላል።

ለእኛ መኪኖች ያለው ጣጣ መጠኑ ላይ ነው። የቪክትሮን ኦሪዮን ስማርት በ18 እና በ30 አምፔር ይመጣል። 30 የተጻፈበት ማለት ወደ ባትሪው 30 ይሰጣል ማለት ነው። ከዲናሞው የሚወስደው ግን 38 አካባቢ ነው፤ ቮልቴጅ ከፍ ማድረግ ዋጋ አለው፣ በሙቀት የሚባክንም አለ። የ18ቱ 23 ገደማ ይወስዳል። ያንን የሜክሲኮ ዝናብ አስታውሱ። ባለ 55 አምፔር አልተርኔተር 20ውን ለመኪናዋ ሰጥቶ 35 ይተርፈዋል፤ ያውም ሞተሩ በደንብ ሲዞር። 18ቱ ይበቃዋል፣ 30ው ያጨናንቀዋል። ባለ 30 አምፔር የድሮ ዲናሞ ደግሞ 18ቱንም በማታ አይችለውም።

ዋጋውም ከሪሌው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ብዙ ጊዜ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ነው የሚገኘው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እየተቀያየረ ስለሆነ ቁጥር አልጽፍም። ዋስትናውም አብሮ አውሮፕላን አይሳፈርም። ቤታችሁ ውስጥ ሶላር ወይም ሶኬት እያለ፣ ባትሪው ተራ የሊድ አሲድ ሆኖ፣ ለከተማ ቅዳሜ ብሎ ይህን መግዛት ለእኔ አይታየኝም። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ረጅም መንገድ የሚወጣ፣ ወይም ሊቲየም የገዛ ሰው ግን ይግዛ።

ሶላርና ሶኬት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ሁልጊዜ ለአናት ቅርብ ናት። ፓነሉን ማጋደል አያስፈልግም፤ ጣሪያው ላይ በደረቱ ይቀመጥ። ከሥሩ ግን አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉለት፤ ፓነል ሲግል ያመነጨው ይቀንሳል። ባለ 100 ዋት ፓነል በበጋ ጥርት ባለ ቀን ከ25 እስከ 30 አምፔር-ሰዓት ቢሰጥ አይገርምም። በክረምት፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መባቻ፣ ግማሹን ካገኛችሁ ተመስገን ነው። ለቆመች መኪና ግን ግማሹም ከበቂ በላይ ነው።

ሶላር የማይሠራው ፀሐይ ለማታገኝ መኪና ነው። ካዛንቺስም ሆነ ቦሌ መንገድ ከፎቅ ሥር የምታቆሙ ከሆነ ጣሪያችሁ ላይ ያለው ፓነል ጌጥ ነው። እዚያ ከጥበቃው ጋር ተስማምቶ ሶኬት ማግኘት ነው የሚያዋጣው። ደረጃ በደረጃ የሚሞላና ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ባለ 10 አምፔር ቻርጀር ይበቃል። ማታ ይሰካል፣ ጠዋት ይነቀላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል መሀሉ ላይ መከላከያ ይግባ። ባትሪ ቻርጅ የሚያደርጉ ሱቆች የሚጠቀሙበት ትልቁ የትራንስፎርመር ቻርጀር ግን በራሱ አይቆምም። ውሃ የሚጨመርበትን ባትሪ ቡሽ ከፍቶ እያዩ ለመሙላት ይሆናል። ውሃ ለማይጨመርባቸው፣ ለታሸጉት የጄልና የኤጂኤም ባትሪዎች ግን መርዝ ነው።

የባትሪው ዓይነት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የመኪና ማስነሻ ባትሪ የቤት ባትሪ አይሆንም። ሰሌዳዎቹ ቀጭን ስለሆኑ ደጋግሞ ባዶ መሆን ቶሎ ይገድለዋል። ለሶላር ተብሎ የሚሸጠውን ፈልጉ። ውሃ የሚጨመርበት ርካሽ ነው፤ ግን ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። አልጋ ሥር የሚቀመጥ ከሆነ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ያለው የተዘጋ ሳጥን ግድ ነው። ኤጂኤም ከመኝታ ጋር አብሮ ለመኖር ይሻላል። ሊቲየም ቀላል ነው፣ ብዙ ዓመት ይኖራል፣ ከአቅሙ አብዛኛውን ይሰጣል። ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ይህ አያሳስብም፤ ባሌ ተራሮች ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ለሚያድር ግን ጠዋት ላይ ይገጥመዋል። ወደ አፋር የሚወርድ ሰው ጭንቀቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ሙቀት ማንኛውንም የሊድ አሲድ ባትሪ ያስረጃል፣ ውሃውንም ቶሎ ያደርቃል።

ሽቦው

ከዕቃው ሁሉ በላይ ውጤቱን የሚወስነው ሽቦው ነው። ርቀቱ ከባትሪ ወደ ባትሪ 5 ሜትር ነው እንበል፤ ነጌቲቩ ሲመለስ 10 ሜትር። 30 አምፔር በ6 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ሲያልፍ 0.9 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። 14.2 የወጣው 13.3 ሆኖ ይደርሳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ባትሪው የሚጠጣው አምፔርም ይወርዳል፤ መኪናዋ ስትነዳ ውላ ባትሪው የማይሞላው ለዚህ ነው። በ16 ሚሊሜትር ካሬ የሚጠፋው 0.33 ብቻ ነው። በ25 ደግሞ 0.2። ልዩነቱ ከየትኛውም ሪሌ ምርጫ ይበልጣል። ቀጭን ሽቦ ተሰጥቷችሁ «ይችለዋል» ስትባሉ፣ ሳይቃጠል መቻልና ቮልቴጅ ማድረስ ሁለት ነገር መሆኑን አትርሱ።

ነጌቲቩን ለሻንሲው አደራ አትስጡ። አሮጌ መኪና ውስጥ ዝገትና ቀለም አለ። እንደ ፖዘቲቩ ወፍራም የሆነ የራሱ ሽቦ ይኑረው። ፊውዝ ደግሞ ሁለት ነው፣ በሁለቱም ጫፍ፣ ለየባትሪው ቅርብ። ሽቦው መሀል ላይ ተፍቆ ሻንሲ ቢነካ ከሁለቱም በኩል ኃይል ስለሚመጣበት አንድ ፊውዝ ግማሹን ብቻ ነው የሚያድነው።

ለማን የትኛው?

ግቢ ላይ ፀሐይ የምታገኝ፣ አልተርኔተር ያላት፣ ተራ ወይም ኤጂኤም ባትሪ የያዘች መኪና፦ ሁለቱንም ባትሪ የሚያይ ሪሌ፣ ባለ 100 ዋት ፓነል፣ ባለ 16 ወይም 25 ሽቦ። ይኸው ነው። ከከተማ ነዋሪዎች አብዛኛው እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

ፎቅ ሥር የምትቆም ከሆነ ሪሌው ይቆይ፣ በፓነሉ ምትክ ቻርጀር ይግባ። ቻርጀሩ የቤት ባትሪውን ሲሞላ በሪሌው በኩል ለሞተሩም ይደርሳል።

የድሮ ዲናሞ ያለው ሰው ከዲ ፕላስ የሚታዘዝ ሪሌ ወይም የእጅ ማብሪያ ይያዝ፤ የቤት ባትሪውን ሸክም ለሶላር ይተውለት። ዲናሞውን በአልተርኔተር መቀየርም ይቻላል። ኮምቢ ላይ ግን የዲናሞው መቀመጫ ስለሚለያይ እሱም አብሮ ይቀየራል፤ ሬጉሌተሩና የሽቦው አገጣጠምም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት 6 ቮልት የሆኑቱ ደግሞ ከባለ 12 ቮልት የቤት ባትሪ ጋር በቀጥታ መገናኘት የለባቸውም። እነሱ ላይ ሁለቱን ሥርዓቶች ጨርሶ ለያይቶ የኋላውን በሶላር ብቻ ማኖር ከሁሉም የቀለለ ነው።

ሊቲየም የመረጠ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀሩን ከባትሪው ጋር በአንድ ሒሳብ ያስገባ፤ ሞተር ባትሪውንም ቆሞ የሚጠብቅለት ሌላ መንገድ ያስብ፤ ሪሌው የለምና። ትርፉን 1 ወይም 2 አምፔር ብቻ ወደ ሞተር ባትሪ የሚያሻግሩ ትንንሽ ዕቃዎች አሉ።

ከተገጠመ በኋላ

ባለሙያው ሳይሄድ ለኩ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፓነሉ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ፣ ሁለቱንም ባትሪዎች አንድ በአንድ። የተለያየ ቁጥር ማሳየት አለባቸው፤ እኩል ከሆኑ ተገናኝተው ቀርተው ይሆናል። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ፣ ሪሌው ሲገናኝ አድምጡና እንደገና ለኩ። የሞተሩ 14.2 ሆኖ የቤቱ 13.9 ከሆነ ጥሩ ነው። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የሞተር ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አኑሩና ሌላውን ከፊውዙ በፊት፣ ከፊውዙ በኋላ፣ ከሪሌው በፊት፣ ከሪሌው በኋላ እያደረጋችሁ ተከተሉ። ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ ያለው። በነጌቲቩም በኩል እንዲሁ አድርጉ፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል።

በመጨረሻ የቤት ባትሪው ጎደል ባለበት ቀን ግማሽ ሰዓት ነድታችሁ ሞተሩን አጥፉና ማያያዣዎቹን በእጅ ዳብሱ። ሞቅ ያለ ችግር የለበትም። እጅ የሚያቃጥል ካለ ተፈቶ ይጸዳና እንደገና ይጠበቅ፤ አሁንም ከጋለ ማያያዣው ይቀየር።